የላላ ትከሻና ብረት ማንሳት

ትከሻ በሰው አካል ውስጥ ካሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ በስፋት የሚንቀሳቀስ ነው። ክንድ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጀርባን ለማከክም ጣሪያ ለመንካትም ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚቻለው አጥንቶቹ እርስ በርስ በደንብ ስላልተቆላለፉ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ክብና ትልቅ ሲሆን የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ነገሩ ብርቱካንን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ማሳረፍ ነው። በማንኛውም ቅጽበት ከአጥንቱ ራስ ጎድጓዳውን የሚነካው ከሲሶ አይበልጥም።

እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ በቦታው የሚያቆየው በዙሪያው ያለው ለስላሳ አካል ነው። በጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ላብረም የሚባል ጠንካራ ቀለበት አለ፤ የጎድጓዳውን ጥልቀት ይጨምራል። መጋጠሚያውን በሙሉ ካፕሱል የሚባል ሽፋን ይጠቀልለዋል፤ በሽፋኑም ላይ ወፈር ያሉ ጅማቶች አሉ። ከዚያ ሐኪሞች በአንድ ስም ሮቴተር ካፍ የሚሏቸው አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ይመጣሉ። እነዚህ ከጀርባ በኩል ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ተነስተው የክንድ አጥንቱን ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ያቅፉታል። ትልልቆቹ ጡንቻዎች ክንድን ሲያነሱ፣ ሲገፉና ሲስቡ የእነዚህ ዋና ሥራ የአጥንቱን ራስ በጎድጓዳው መሀል ጨምቆ መያዝ ነው።

ጅማቶች በደንብ የሚወጠሩት ክንድ የእንቅስቃሴው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ክንድ በመካከለኛ ቦታ ሳለ፣ ለምሳሌ ሰው ብርጭቆ አንስቶ ሲጠጣ ወይም የመኪና መሪ ሲይዝ፣ የማንኛውም ሰው የትከሻ ጅማት ልል ነው፤ መጋጠሚያውን በዋናነት የሚጠብቀው ጡንቻ ነው። ትከሻው ከመጠን በላይ የላላ ሰው ከሌላው የሚለየው ጫፉ ላይም ቢሆን ጅማቱ ዘግይቶ ስለሚወጠር ወይም በቂ ሆኖ ስለማይወጠር ነው። ሌላው ከጅማቱ የሚያገኘውን ድጋፍ እሱ ከጡንቻው ማግኘት ይኖርበታል። ስለዚህ ለላላ ትከሻ ብረት ማንሳት የተከለከለ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። አነሳሱ ግን ጂም ውስጥ አጠገቡ ካለው ሰው የተቀዳ ሊሆን አይችልም።

ትከሻን በቦታው በመያዝ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ነው። ክንድ ወደ ጎን ተነስቶ እስከ ላይ ሲደርስ ከሚጓዘው 180 ዲግሪ ገደማ ውስጥ ሲሶው የሚገኘው ከዚህ አጥንት መዞር ነው። ጎድጓዳው ያለው በዚሁ አጥንት ላይ በመሆኑ፣ አጥንቱ ክንዱን ተከትሎ ካልዞረ የክንዱ ራስ ከሥሩ መቀመጫ ያጣል። አጥንቱን የሚያዞሩት በአንገትና በጀርባ ላይ የተዘረጋው ትልቅ ጡንቻና ከብብት ሥር ከጎድን አጥንቶች ጋር የሚያያዘው ጡንቻ ናቸው። ጎበዝ እስክስታ ወራጅ ክንዱን ሳያነሳ ትከሻውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲጥል ጠፍጣፋውን አጥንት ለብቻው እያዘዘ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ብረት አንሺ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ትከሻህን ብቻ አንቀሳቅስ ሲባል ክንዱን ያነሳል።

ትከሻ የሚላላበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ከተወለደ ጀምሮ መላ ጅማቱ ልል ነው። ጅማትን፣ ቆዳንና ካፕሱልን የሚሠራው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን በተፈጥሮው በቀላሉ የሚለጠጥ ይሆናል፤ ነገሩ በቤተሰብ ይወረሳል፤ በሴቶችና በልጆች ላይ ይበዛል፤ ዕድሜ ሲጨምርም ይቀንሳል። ሌላው ለዓመታት በመዋኘት፣ በጂምናስቲክ ወይም በውርወራ ስፖርት ትከሻውን ቀስ በቀስ ያላላ ነው። ሦስተኛው በአደጋ ትከሻው ወልቆ ላብረሙ ወይም ካፕሱሉ የተቀደደበት ነው። የዚህኛው ችግር የተቀደደ አካል ስለሆነ፣ በልምምድ ብቻ የሚገኘው ውጤት ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

የተፈጥሮ ልልነትን ለመለካት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ በደቡብ አፍሪካው ሐኪም ፒተር ቤይተን ስም ይጠራል። ቤይተንና ባልደረቦቹ በ1973 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ የጽዋና ማኅበረሰብ ላይ ያደረጉትን ጥናት ሲያሳትሙ የተጠቀሙበት ነው። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፏ፣ አውራ ጣት የክንድን ውስጠኛ ገጽ መንካቱ፣ ክርንና ጉልበት ከቀጥታ መስመር ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ መቀልበሳቸው በቀኝና በግራ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካቱ አንድ ነጥብ ይጨምራል። ድምሩ 9 ነው። ለአዋቂ ሰው 5ና ከዚያ በላይ፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ላልደረሱ ልጆች 6ና ከዚያ በላይ፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ 4ና ከዚያ በላይ የአጠቃላይ ልልነት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። መለኪያው ስለ ትከሻ አንዲት ጥያቄ እንኳ አለመጠየቁ ግን ይገርማል። ትከሻው እጅግ የላላ ሰው በዚህ ፈተና 2 ብቻ ሊያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ትከሻ ለብቻው መመርመር አለበት።

መላላት በራሱ በሽታ አይደለም። ልል ትከሻ ይዘው ምንም ሳይሰማቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ለዋናተኛማ ጥቅምም አለው። ችግር የሚሆነው ሰውየው የአጥንቱን ራስ መቆጣጠር ሲያቅተው ነው። ምልክቶቹ ክንድ ከቦታው ሸርተት ብሎ የመመለስ ስሜት፣ በተወሰነ እንቅስቃሴ ላይ የሚመጣ ፍርሃት፣ ክንድ ድንገት የመክዳትና የመደንዘዝ ስሜት፣ ከሥራ በኋላ የሚቆይ ጥልቅ ሕመም ናቸው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ቻርልስ ኒርና ባልደረባው በ1980 በጻፉት ጽሑፍ ትከሻ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ታችም ሊንሸራተት እንደሚችል ገልጸው ይህን ዓይነት ችግር ለብቻው እንዲታይ አድርገዋል።

ብረት ለሚያነሳ ሰው አቅጣጫውን ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል። ወደ ፊት የሚንሸራተት ትከሻ የሚያስቸግረው ክንድ ወደ ጎን ተነስቶ ወደ ኋላ ሲዞር ነው፤ ድንጋይ ለመወርወር እንደተዘጋጀ፣ ወይም አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት ይዞ ቆሞ ሳለ ድንገት ፍሬን እንደተያዘበት ሰው። ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ክንድ ከፊት ተዘርግቶ ሲገፋ ይሸሻል፤ ፑሽአፕና ቤንች ፕሬስ ላይ የሚታወቀው ይህ ነው። ወደ ታች የሚንሸራተተው ደግሞ ክብደት ሲንጠለጠልበት ይወርዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ትከሻ ከቦኖ እስከ ቤት መሸከም ራሱ ከባድ ልምምድ ነው።

ትከሻው የላላ ሰው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ይሰማዋል። አንገቱና የትከሻው ጫፍ ተወጥሮና ተሳስሮ ይሰማዋል፤ መፍትሔው ማሳሳብ ይመስለዋል። ክንዱን በበር መቃን ላይ አስደግፎ ደረቱን ይስባል፤ በብረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ለጊዜውም ይቀልለዋል። የተወጠረው ግን ብዙውን ጊዜ ልል የሆነውን መጋጠሚያ ለመጠበቅ ያለ ዕረፍት የሚሠራው ጡንቻ ነው። ማሳሳቡ ጡንቻውን ለሰዓት ያህል ሲያላላው፣ ካፕሱሉን ደግሞ በማያስፈልገው አቅጣጫ ይለጥጠዋል፤ ማታ ውጥረቱ ይመለሳል። ለዚህ ዓይነቱ ውጥረት ከማሳሳብ ይልቅ ቀላል የማጠንከሪያ ልምምድ የተሻለ ዕረፍት ይሰጣል። ለጓደኛ ትርዒት ብሎ ትከሻን እያወለቁ መመለስም በዚሁ ይቆጠራል፤ ባይታመምም መጋጠሚያውን እያላላ ይሄዳል።

ማጠንከር ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ የቆየ መልስ አለ። በርክሄድና ሮክዉድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ያለ አደጋ በመላላት ብቻ ከሚንሸራተቱት ትከሻዎች 80 በመቶው በልምምድ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። በአደጋ ወልቀው ከነበሩት መካከል ግን ይህን ያገኙት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተለመደው ምክር ቀላል ላስቲክ፣ አጭር እንቅስቃሴ፣ ምንም ከባድ ነገር አለመንካት ነበር። በ2022 ከዴንማርክ የወጣ ጥናት ይህን ልማድ ፈተነው። የላላና የሚያስቸግር ትከሻ ያላቸው 100 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለ16 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ጊዜ ሠሩ፤ ግማሾቹ በላስቲክ ቀለል ያለውን፣ ግማሾቹ በባለሙያ እየታዩ እየከበደ በሚሄድ ዳምቤል። በ16ኛው ሳምንት ከባዱን የሠሩት በትከሻቸው አገልግሎት የተሻለ መሻሻል አሳዩ፤ የጡንቻ መዛልና ራስ ምታት ቢበዛባቸውም ከባድ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ውጤቱ ከባለሙያ ጋር በተሠራ ልምምድ የተገኘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከባድ ብረት የላላ ትከሻ ጠላት ነው የሚለው እምነት ግን ከዚያ ወዲህ የቀድሞውን ያህል አይጸናም።

ልምምዱ የሚጀምረው ከቦታ ነው። ክንድ በትክክል ወደ ጎን ሳይሆን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ፊት አዘንብሎ ሲነሳ ከጠፍጣፋው አጥንት ጋር በአንድ መስመር ይውላል፤ የአጥንቱ ራስም በጎድጓዳው መሀል ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ በዚህ መስመርና ከትከሻ ከፍታ በታች ቢሆን ይመረጣል። ክርንን ከጎን አስጠግቶ፣ በክርኑና በጎድኑ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ይዞ፣ ላስቲክን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መሳብ የሮቴተር ካፍ መነሻ ነው። ከዚያ በፊት ሕመም ያለበት ሰው እንቅስቃሴ ሳይኖር መዳፉን በግድግዳ ላይ ለጥቂት ሰከንድ እየገፋ ሊጀምር ይችላል። መዳፍ በግድግዳ ወይም በወለል ላይ ሲያርፍ መጋጠሚያው ስለሚጨመቅ አንጎል ትከሻው የት እንዳለ ይበልጥ ይረዳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጅማቱ የላላ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱ የት እንደደረሰ የመለየት ችሎታው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። መስተዋት ፊት መሥራት ወይም በስልክ ቀርጾ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጂም ውስጥ በብዛት የሚሰማ አንድ ትእዛዝ አለ፦ ትከሻህን ወደ ኋላና ወደ ታች ሳብ። ለብዙ ሰው አይጎዳም። በሁሉም አቅጣጫ ለላላ ትከሻ ግን መጥፎ ምክር ሊሆን ይችላል፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጠፍጣፋ አጥንት ቀድሞውኑ ወደ ታች የመውደቅ ጠባይ ስላለው፣ የበለጠ ሲጎተት ጎድጓዳው ወደ ታች ያዘነብላል። የአውስትራሊያዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊን ዋትሰን ያዘጋጀችው ፕሮግራም የሚነሳው ከተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ጠፍጣፋው አጥንት ወደ ላይ መዞርን ይማራል፤ ክብደት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2018 የታተመ የ12 ሳምንታት ንጽጽር ይህ አካሄድ ከቀድሞው የሮክዉድ ልምምድ የተሻለ ውጤት ማስገኘቱን አሳይቷል። ስለዚህ ብረት ከመሬት ሲነሳ ወይም ዳምቤል በእጅ ተንጠልጥሎ ሲያዝ፣ ትከሻውን በጥቂቱ ወደ ላይ ደግፎ መያዝ ለዚህ ሰው ጥፋት አይደለም።

ቁጥጥሩ ከተገኘ በኋላ ትልልቆቹ ልምምዶች ይመለሳሉ። መሳብ ከመግፋት መቅደሙ ይመረጣል። ዳምቤል ወይም ገመድ ወደ ሆድ ሲሳብ ክርኑ ከጎን ርቆ ወደ ኋላ እንዳያልፍ፣ ሲመለስም ብረቱ ትከሻውን ጎትቶ እንዳያወጣው መያዝ ያስፈልጋል፤ በላላ ትከሻ ላይ አደጋው ያለው ከመሳቡ ይልቅ በመመለሱ ላይ ነው። ለመግፋት ከቤንች ይልቅ ወለል ላይ ተኝቶ መሥራት ይመከራል፤ ወለሉ ክርንን ስለሚያስቆም ክንዱ ከጀርባ በታች አይወርድም። ፑሽአፕ ከግድግዳ ይጀምራል፤ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወለል። ክርን ከጎን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ትከሻው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ እጆችን ሰፋ አድርጎ መያዝና ክርንን እስከ መጨረሻ ቆልፎ አለመግፋት ይረዳል። ከራስ በላይ መግፋት መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እሱም አንድ ጫፉ መሬት ላይ በተተከለ ብረት፣ በሰያፍ፣ ቢጀመር ይሻላል።

አንዳንዶቹ ልምምዶች ቢቀሩ የሚጎድል ነገር የለም። ብረትን ከማጅራት ጀርባ አውርዶ መግፋትና መሳብ፣ ጥልቅ ዲፕስ፣ ዳምቤል ይዞ ደረትን እስከ መጨረሻ መክፈት፣ እየተወዛወዙ ፑልአፕ መሥራት፣ ትከሻን ለቆ በብረት ላይ መንጠልጠል፤ ሁሉም ክብደቱን የሚያሳርፉት ጅማት መያዝ በነበረበት ጫፍ ላይ ነው። ለእነዚህ ሲባል ትከሻን ለአደጋ ማጋለጥ ዋጋው አያዋጣም፤ ሊገኝ የሚችለው ጡንቻ በሌላ መንገድ ይገኛል።

ስለ መጠን ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት፤ መጀመሪያ በአንድ ዙር ከ10 እስከ 15 ጊዜ፤ ሲወርድ ሦስት ሰከንድ ያህል። ክብደት የሚጨመረው ሁሉም ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይንቀጠቀጥ ሲሠራ ነው፤ ጭማሪውም ትንሽ ነው። ጂም የሌለው ሰው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጀምሮ ወደ አንድና ሁለት ሊትር ሊሄድ ይችላል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሌላው ሰልጣኝ ጡንቻው እምቢ እስኪል ሊሠራ ይችላል፤ ትከሻው የላላ ሰው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያሠራ አቅም እያለው ማቆም አለበት። ሮቴተር ካፍ ሲደክም የአጥንቱ ራስ ከመሀል መሸሽ ይጀምራል፤ የሚሸሸውም በመጨረሻዎቹ ጥቂት ድግግሞሾች ላይ ነው። በሥራው ወቅት የሚሰማ ቀላል ሕመም በማግስቱ ከጠፋ አያሰጋም። ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ከመንሸራተት ጋር የሚመጣ ሕመም ክብደቱ ወይም ርቀቱ መብዛቱን ይናገራል። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት ስለሚፈልግ፣ ጥሩ ስሜት በተሰማ ቁጥር ክብደት መጨመር መቸኮል ነው።

ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማየት ያለባቸው አሉ። ኤለርስ ዳንሎስ ከሚባሉት የኮላጅን ሕመሞች አንዱ ዓይነት የደም ሥሮችን ያሳሳል፤ ማርፋን የሚባለውም ከልብ የሚነሳውን ትልቁን የደም ሥር ያሰፋል። ለእነዚህ ሰዎች እስትንፋስ ይዞ ከባድ ማንሳት ለሕይወት ያሰጋል። በጣም ረጅም ቁመትና ረጃጅም ጣቶች፣ በትንሽ ነገር የሚበልዝ ስስ ቆዳ፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ ለምርመራ በቂ ምክንያቶች ናቸው።

ትከሻ ሙሉ በሙሉ ሲወልቅ ጉዳዩ የልምምድ መሆኑ ያበቃል። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው፤ ልምድ ያለው ወጌሻም ሊመልሰው ይችላል። ነገር ግን ከመጎተቱ በፊት አጥንት አለመሰበሩን በራጅ፣ ነርቭ አለመጎዳቱን በምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህ የሚገኘው ሆስፒታል ነው። የላይኛው ክንድ ውጫዊ ገጽ መደንዘዝ፣ የእጅ መቀዝቀዝ ወይም መገርጣት፣ ጣት ማንቀሳቀስ አለመቻል ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ናቸው። አጥብቆ መጠፈርም ደም እንዳይዘዋወር በማድረግ ከውልቃቱ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ከተመለሰ በኋላ ክንዱ ለተወሰነ ጊዜ ታስሮ ይቆያል፤ ወደ ብረት የሚመለሰውም በግድግዳ ግፊትና በላስቲክ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ለወራት በትክክል የተሠራ ልምምድ ሳይረዳ ሲቀር፣ ወይም በአደጋ የተቀደደ አካል ሲኖር ነው። በአደጋ የተቀደደ ላብረም ሲሰፋ ውጤቱ ጥሩ ነው። በተፈጥሮ የላላ ካፕሱል ሲጠብብ ግን የሚሰፋው ያው በቀላሉ የሚለጠጠው ኮላጅን ስለሆነ ከጊዜ በኋላ እንደገና ሊላላ ይችላል፤ በዚህ የተነሳ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የሮቴተር ካፍና የጠፍጣፋው አጥንት ጡንቻዎች ልምምድ ይቀጥላል።